ምትና ዕረፍት፦ በሙዚቃ ጨዋታዎች ንድፍ ላይ የቀረበ ሂስ

ምት ያለ ዕረፍት ምት አይሆንም። ከበሮ መቺ እጁን ከቆዳው ላይ ካላነሣ ዳግመኛ ሊመታ እንደማይችል ሁሉ፣ በጊዜ ውስጥ የሚደረደር ማንኛውም የኪነ ጥበብ ሥራ በአንዱ ድምፅና በሌላው መካከል ያለውን ክፍተት በሚገባ ካላሰበበት ቅርፁን ማጣቱ አይቀርም። የሥነ ግጥም መምህራን ይህን ነጥብ ለተማሪዎቻቸው ሲያስረዱ የወል ቤትን በምሳሌነት ሊያቀርቡ ይችላሉ፤ 12 ቀለም ያለው ስንኝ ለሁለት እኩል ሐረጎች ይከፈልና ከ6ኛው ቀለም በኋላ አንባቢው ትንፋሽ ይወስዳል። ያች አጭር ዕረፍት ያለ ቦታዋ ከገባች አንድም ቃል ሳይለወጥ ግጥሙ ይሰበራል።

ይህ ሕግ በግጥምና በዜማ ብቻ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በጃፓን ተጠናክሮ በመላው ዓለም በተስፋፋው የምት ጨዋታ ዘርፍም ይኸው ጥያቄ በአዲስ መልክ ተነሥቷል። ዕረፍት የት ይጀምር? ምን ያህል ይቆይ? እንዴትስ ያብቃ? ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የባለሙያዎች ጥቃቅን ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ተብሎ ሲመረመር ግን የቅርፅና የይዘት፣ የሠሪና የተደራሲ፣ እንዲሁም የውበትና የሰው አካል ግንኙነት በውስጡ ተጠቃሎ ይገኛል።

የምት ጨዋታ የሚባለው ተጫዋቹ ዘፈን እየሰማ በስክሪን ላይ የሚመጡለትን ምልክቶች ከሙዚቃው ምት ጋር አጋጥሞ በጣቱ፣ በእጁ ወይም በእግሩ የሚመታበት የቪዲዮ ጨዋታ ነው። የጨዋታው ነዳፊ አንድ ዘፈን ይወስድና ከሚሰሙት ድምፆች የትኛው እንደሚመታ፣ የትኛው እንደሚታለፍ ይወስናል። በዚህ አኳኋን ለአንድ ዘፈን የተዘጋጀው የምቶች ድርድር «ደረጃ» ይባላል። ነዳፊው ዘፈኑን አልደረሰውም፤ አልዘፈነውምም። የእርሱ ድርሻ ዘፈኑን በሌላ ሰው እጅ አማካይነት መተርጎም ነው። ተርጓሚ ደግሞ የሚመዘነው በጨመረው ብቻ ሳይሆን ዝም ብሎ ባለፈውም ጭምር ነው።

የመስማት ዕረፍት

በዚህ ዘርፍ ቀዳሚ ከሆኑት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1996 በጃፓን ለፕሌይስቴሽን የወጣው «ፓራፓ ዘ ራፐር» ነው። ሥራውን የመራው ማሳያ ማትሱራ አስቀድሞ ሙዚቀኛ የነበረ በመሆኑ የዕረፍትን ጉዳይ የፈታው በሙዚቀኛ ብልሃት ነው። በጨዋታው ውስጥ አስተማሪው አንድ ሐረግ ይላል፤ ተማሪው ፓራፓ፣ ማለትም ተጫዋቹ፣ ያንኑ ሐረግ መልሶ ይለዋል። አደረጃጀቱ አውጪና ተቀባይ ባለው ዘፈን ውስጥ ለኖረ ሕዝብ እንግዳ አይደለም። አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ ያርፋል፤ ዕረፍቱ ግን የስንፍና ዕረፍት አይደለም። ምላሱ ዝም ሲል ጆሮው ይሠራል።

በ«ፓራፓ» የዕረፍቱ ርዝመት በግምት የሚወሰን ነገር አይደለም። አስተማሪው ለሐረጉ የሚፈልገው ጊዜ ለተጫዋቹ የዕረፍት ጊዜ ይሆናል፤ ከዚያም ተራው ይዞራል። ስለሆነም ተጫዋቹ መቼ እንደሚገባ የሚያውቀው በስክሪኑ ብቻ ሳይሆን በንግግሩ ፍሰትም ነው። የዚህ ሥራ ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ ዕረፍት ይዘት ሲኖረው መግቢያውንና መውጫውን ራሱ ይናገራል።

የማየት ዕረፍት

እ.ኤ.አ. በ2005 ኢኒስ የተባለው የጃፓን ድርጅት ለኒንቴንዶ ዲኤስ የሠራው «ኦሱ! ታታካኤ! ኦዌንዳን» ጉዳዩን ወደ ሌላ አቅጣጫ ወሰደው። መሣሪያው ሁለት ስክሪን አለው። በታችኛው ስክሪን ላይ ቁጥር የያዙ ክቦች ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱ ክብ ዙሪያ ያለ ቀለበት እየጠበበ መጥቶ ክቡን ሲነካ ተጫዋቹ በትንሽ ብዕር ይመታዋል። በላይኛው ስክሪን ላይ ደግሞ ችግር የገጠመው ሰው ታሪክ ይካሄዳል፤ ጥቁር የለበሱ የደጋፊ ጓዶች ሰውየውን በጭፈራቸው ያበረታቱታል። ተጫዋቹ በትክክል በመታ ቁጥር የሰውየው ዕድል ይቀናል፤ በሳተ ቁጥር ይጠማል።

ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ ተቃርኖ ይታያል። የተጫዋቹ ዓይን በታችኛው ስክሪን ላይ የተተከለ በመሆኑ፣ እጁ እስከሠራ ድረስ የላይኛውን ታሪክ ለማየት ፋታ አያገኝም። የሚደክምለትን ሰው አያየውም ማለት ነው። ነዳፊዎቹ ይህን ተቃርኖ የፈቱት በዕረፍት ነው። የዘፈኑ አንድ ክፍል ሲያበቃ ክቦቹ ይጠፋሉ፤ ሙዚቃው ይቀጥላል፤ የተጫዋቹ ዓይን ወደ ላይ ይነሣል። እስከዚያ ድረስ የተመታው ምት ምን እንዳፈራ በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ይታያል፤ ሰውየው ወይ ተሳክቶለታል፣ ወይ ወድቋል። ከዚያም ክቦቹ ይመለሳሉ።

በመሆኑም በ«ኦዌንዳን» ዕረፍት የጨዋታው ማቋረጫ ሳይሆን የጨዋታው ትርጉም የሚገለጥበት ጊዜ ነው። ይህ የበለጠ ጎልቶ የሚታየው በዚያው ድርጅት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ለአሜሪካ ገበያ በቀረበው «ኤሊት ቢት ኤጀንትስ» ውስጥ ነው። ከሞላ ጎደል በቀልድ በተሞላው በዚህ ሥራ ውስጥ አንድ ደረጃ ከሌሎቹ ተለይቶ ይቆማል። በገና እመለሳለሁ ብሏት የሄደውን አባቷን የምትጠብቅ ትንሽ ልጅ፣ የአባቷን ሞት ካልተቀበለው ልቧ ጋር የምትታገልበት ታሪክ ነው። ዘፈኑ የቺካጎ ቡድን በ1980ዎቹ ያሰማው ለስላሳ የፍቅር ዘፈን ነው። በዚህ ደረጃ ውስጥ ተጫዋቹ ዕረፍቱ ሲመጣ የሚያርፈው እጁን ብቻ ነው፤ ልቡ በዚያ ሰዓት ነው ሥራ የሚጀምረው። ያ ዕረፍት ባይኖር ኖሮ ከሥራው የሚቀረው የጣት ቅልጥፍና ብቻ ነበር።

ከይዘቱ የተለየ ቅርፅ

«ኦዌንዳን» በወጣ በ2 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ዲን ኸርበርት የተባለ አውስትራሊያዊ የኮምፒዩተር ባለሙያ የዚያን ጨዋታ አሠራር መነሻ አድርጎ «ኦሱ!» የተባለውን ነጻ ጨዋታ ለኮምፒዩተር አቀረበ። የዚህ ሥራ ታላቅነት የማይካድ ነው። ደረጃ የመንደፍ ሥልጣን ከጥቂት ድርጅቶች እጅ ወጥቶ ለተጫዋቹ ሕዝብ ተሰጠ፤ መንደፊያው መሣሪያ ከጨዋታው ጋር አብሮ ቀረበ፤ ተማሪው፣ ሠራተኛው፣ ሙዚቃ ወዳዱ ሁሉ ነዳፊ ለመሆን በቃ። የተነደፈውም ደረጃ በይፋ ከመመዝገቡ በፊት በሌሎች ነዳፊዎች ይመረመራል፣ ይተቻል፣ ይታረማል። ሂስን የሥራው አካል ያደረገ ልማድ በመሆኑ ሊደነቅ ይገባዋል።

ነገር ግን ሽግግሩ ያለ ኪሳራ አልተከናወነም። በኮምፒዩተሩ ላይ ሁለተኛ ስክሪን የለም። ችግር የገጠመው ሰው፣ የደጋፊው ጓድ፣ የሚቀናውና የሚጠመው ዕድል ከመድረኩ ወረዱ። ነዳፊው ከፈለገ ከክቦቹ ኋላ ተንቀሳቃሽ ሥዕል ማቀናበር ይችላል፤ ይህን በብልሃት የሠሩም አሉ። በብዙው ደረጃ ግን ከቀድሞው ትረካ የተረፈው፣ በዕረፍቱ መካከል ብልጭ የሚለው የማለፍ ወይም የመውደቅ ምልክት ነው። ቅርፁ ተወረሰ፤ ይዘቱ በመንገድ ቀረ።

ዕረፍቱ በንድፉ መዝገብ ውስጥ የሚሰፍረው በአንዲት መስመር ነው። ዕረፍት መሆኑን የሚያመለክት ቁጥር፣ የሚጀምርበት ጊዜና የሚያበቃበት ጊዜ በሚሊሰከንድ ተለክተው ይጻፋሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለማቋረጥ እየቀነሰ የሚሄደው የሕይወት መለኪያ ይቆማል፤ ሳይሳት የተመታው የምቶች ሰንሰለትም እንዳለ ይቆያል። መስመሯ ይህን ያህል አጭር መሆኗ ነው ብዙ ነዳፊን የሚያሳስተው። ሁለት ቁጥር መጻፍ ቀላል ነው፤ ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ ማወቅ ግን ሙያ ይጠይቃል። ታሪክ የሚታይበት መሆኑ ሲቀር፣ ዕረፍት ለብዙው ነዳፊ ምንም የማይደረግበት ባዶ ጊዜ ሆነ። ባዶ የተባለ ነገር ደግሞ እንደፈለጉ ሊዘረጉት፣ ሊያሳጥሩት ወይም ሊሰርዙት የሚቻል ይመስላል።

የመግቢያና የመውጫ ጉዳይ

ታዲያ ያለ ትረካ የቀረው ዕረፍት በምን ሊመራ ይገባዋል? መልሱ በዘፈኑ ውስጥ ነው። የዕረፍት መግቢያ ከዜማው ሐረግ መዝጊያ ጋር መግጠም አለበት። ዘፋኙ ሐረጉን ሳይጨርስ የተጫዋቹ እጅ እንዲቆም ከተደረገ ዕረፍቱ የመሣሪያ ብልሽት ይመስላል፤ ዘፈኑ እየተናገረ ተጫዋቹ ዲዳ ይሆናል። በአንጻሩ የመጨረሻው ምት በሐረጉ መዝጊያ ድምፅ ላይ ቢያርፍ፣ በተለይም ድምፁ ረዝሞ እንደሚደክም ሁሉ የተጫዋቹም ምልክት ተጎትቶ የሚያልቅ ቢሆን፣ እጁ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ትንፋሽ ይወስዳል።

ከመግቢያው ይልቅ መውጫው ይከብዳል። በደቂቃ 120 ምት ያለው፣ በ4 ምት ባር የተቀናበረ ዘፈን ለምሳሌ ይወሰድ። አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ፣ አንዱ ባር 2 ሰከንድ ይፈጃል። ከአዝማቹ በኋላ 8 ባር የሚቆይ፣ ድምፃዊው የማይሰማበት የመሣሪያ መሸጋገሪያ ቢኖር ጠቅላላ ጊዜው 16 ሰከንድ ይሆናል። ቸልተኛ ነዳፊ 16ቱንም ሰከንድ ለዕረፍት ይሰጥና በ9ኛው ባር የመጀመሪያ ምት ላይ ከባዱን ክፍል በድንገት ይከፍታል። በ«ኦሱ!» ክቡ ከመመታቱ በፊት ምን ያህል ጊዜ ቀድሞ እንደሚታይ የሚወስን መለኪያ አለ። መለኪያው 5 ሲሆን 1200 ሚሊሰከንድ፣ 9 ሲሆን 600፣ 10 ሲሆን 450 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። እንግዲህ በ9 የሚጫወት ሰው 16 ሰከንድ ከተቀመጠ በኋላ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ከአንድ ምት እምብዛም አይበልጥም።

አስተዋይ ነዳፊ ግን ያንኑ መሸጋገሪያ በሌላ መንገድ ይከፋፍለዋል። የመጀመሪያዎቹን 6 ባሮች፣ ማለትም 12 ሰከንዱን፣ ለዕረፍት ይሰጣል። በ7ኛውና በ8ኛው ባር ውስጥ የከበሮውን ዋና ዋና ምቶች ብቻ ለተጫዋቹ ይመልስለታል። ምቶቹ ጥቂትና ቀላል ናቸው፤ ነገር ግን ሁለት አገልግሎት ይሰጣሉ። የቀዘቀዘውን እጅ ያሟሙቃሉ፤ ጆሮውንም ከዘፈኑ አቆጣጠር ጋር መልሰው ያጋጥሙታል። ድምፃዊው በ9ኛው ባር ሲገባ ተጫዋቹ በድንገት አይያዝም፤ አብሮት ይገባል። ሁለቱ ንድፎች በቁጥር ሲታዩ የሚለያዩት በ4 ሰከንድ ነው፤ በተግባር ግን አንዱ ተጫዋቹን ያከብራል፣ ሌላው ያጠምደዋል።

ጨዋታው ራሱ ዕረፍቱ ሊያበቃ ሲል በስክሪኑ ዳር ብልጭ በሚሉ ቀስቶች፣ በኋለኛው ዝግጅቱም የቀረውን ሰከንድ በሚቆጥር አኃዝ ተጫዋቹን ያስጠነቅቃል። ጠቃሚ ርዳታ መሆኑ አያጠራጥርም። ሆኖም ተጫዋቹ መመለሻውን የሚያውቀው በቀስቱ ብቻ ከሆነ ነዳፊው ሥራውን ለመሣሪያው አሳልፎ ሰጥቷል ማለት ነው። የጥሩ ዕረፍት መለኪያ ተጫዋቹ መመለሻውን ከማየቱ በፊት መስማቱ ነው።

እዚህ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ቀላል አይደለም። ሳይሳት 1000 ምት የመታ ተጫዋች ከዕረፍት መልስ የመጀመሪያውን ክብ ቢስት ሰንሰለቱ ተበጥሶ ከዜሮ ይጀምራል። በችሎታው ማነስ የተሸነፈ ሰው ተመልሶ ይለማመዳል፤ በነዳፊው ቸልተኝነት የተሸነፈ ግን የሚማረው ነገር የለም።

የሚለካውና የማይለካው

የዕረፍት ቦታ እየጠበበ የሚሄድበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይኸውም የመለኪያ ጉዳይ ነው። በ«ኦሱ!» ማኅበረሰብ ደንብ የአንድ ደረጃ ርዝመት ቀደም ሲል ይቆጠር የነበረው በዋናነት የዕረፍቱ ጊዜ ተቀንሶ ነው። ለአጭር ዘፈን ጀማሪውም ሊጫወታቸው የሚችሉ ቀለል ያሉ ደረጃዎች አብረው እንዲቀርቡ ሲጠየቅ፣ የሥራ ጊዜው 5 ደቂቃ ለሞላ ዘፈን ግን አንድ ደረጃ ብቻውን ይበቃል። የደንቡ ዓላማ በጎ ነው፤ ጀማሪውን ለመጠበቅ የታሰበ ነው። ውጤቱ ግን ሁልጊዜ በጎ አልነበረም። 5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ በሚፈጅ ዘፈን ውስጥ ነዳፊው ተገቢውን የ15 ሰከንድ ዕረፍት ቢያደርግ የሥራ ጊዜው ወደ 4 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ ይወርድ ነበር። በዚህ ጊዜ ሁለት ምርጫ ይቀርብለት ነበር፤ ወይ ተጨማሪ ደረጃዎችን መንደፍ፣ ወይ ዕረፍቱን መሰረዝ። ሁለተኛው አንዲት መስመር ከማጥፋት የበለጠ ድካም አይጠይቅም ነበር። ሥራን እየቆጠረ ዕረፍትን የማይቆጥር መለኪያ ዕረፍትን የመጀመሪያው ተሠዊ ማድረጉ አይቀርም።

የሚሠዋው ደግሞ የሰው አካል ነው። በደቂቃ 180 ምት ባለው ዘፈን ውስጥ እያንዳንዱ ምት ለ4 ተከፍሎ ሲመታ በሰከንድ 12 ጊዜ መምታት ግድ ይሆናል፤ ሁለት ጣቶች እየተፈራረቁ እያንዳንዳቸው 6 ጊዜ ይመታሉ ማለት ነው። ይህ ለአንድ ደቂቃ ያለ ፋታ ቢቀጥል ምቱ 720 ይደርሳል። ተመሳሳይ እንቅስቃሴ ያለ ዕረፍት ሲደጋገም ጅማትንና ጡንቻን እንደሚጎዳ በፋብሪካም፣ በጽሕፈት መኪናም፣ በሙዚቃ መሣሪያም ላይ የታየ ነው። የነዳፊው እስክሪብቶ በሌላ ሰው አንጓ ላይ የሚጽፍ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ሊደመጥ የሚገባው ተቃውሞ

ዕረፍትን የሚቃወሙ ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች አሉ። ዕረፍት ትኩረትን ይበትናል፣ የጋለውን እጅ ያቀዘቅዛል፣ ዘፈኑ ሳያርፍ ተጫዋቹን ማሳረፍም ሐሰት ነው ይላሉ። አስተያየታቸው ሊናቅ አይገባውም። ለቴሌቪዥን ተከታታይ ፊልም መክፈቻ የሚሠሩት የጃፓን ዘፈኖች አብዛኛውን ጊዜ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ያህል የሚቆዩ ናቸው፤ እንዲህ ባለው አጭር ሥራ ውስጥ ዕረፍት አለመግባቱ ጥፋት ሊባል አይችልም። ዘፈኑ ራሱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የማይበርድ ሆኖ ሳለ በመካከሉ ዕረፍት መሰንቀርም ተርጓሚ ከራሱ እንደሚጨምረው ቃል ይቆጠራል።

ሆኖም የተነሡት ነቀፌታዎች ሲመረመሩ ያለ ቦታው የገባን ወይም ከልክ ያለፈን ዕረፍት የሚመለከቱ ናቸው፤ ዕረፍትን ከሥሩ አያፈርሱም። እጅ የሚቀዘቅዘው መመለሻው ካልተዘጋጀ ነው። ትኩረት የሚበተነውም ጆሮ የሚይዘው ነገር ካጣ ነው። ከዚህ አኳያ የአሜሪካው ሃርሞኒክስ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው «ሮክ ባንድ» ያደረገው ሙከራ ሊጠቀስ ይገባዋል። በዚያ ጨዋታ ድምፃዊ የሆነው ተጫዋች መሣሪያ ብቻ በሚሰማበት ክፍል ሥራ እንዳይፈታ፣ አንዳንድ ዘፈኖች ውስጥ ማይክሮፎኑን እየመታ ታምቡሪን እንዲያጅብ ይደረጋል። መፍትሔው ዘፋኙን ከቡድኑ እንዳይነጠል ስለሚያደርገው ጥሩ ነው። ነገር ግን ባዶ የተባለውን ሁሉ በምት መሙላት ሕግ ቢሆን፣ ጓደኛው ጊታር ሲጫወት ቆሞ የማድመጥ ጨዋነት ከመድረኩ ይጠፋል። ማድመጥም የሙዚቃ ሥራ ነው።

ሌላው መታሰብ ያለበት የተጫዋቾች ደረጃ መለያየት ነው። ለአንድ ዘፈን ለጀማሪውም ለሊቁም የሚሆኑ ደረጃዎች ሲነደፉ አንዱን ዕረፍት ለሁሉም መገልበጥ የተለመደ ስንፍና ነው። ጀማሪው አጭርና ተደጋጋሚ ፋታ ያሻዋል፤ ምልክቱን አንብቦ እስኪጨርስ ዘፈኑ አይጠብቀውምና። ሊቁ ከዚህ ባነሰ ይበቃዋል። ዘፈኑ ራሱ የሚያርፍበት ዋናው ዕረፍት ግን ከሁሉም ደረጃ መቅረት የለበትም። ጀማሪና ሊቅ በጣታቸው ፍጥነት ቢለያዩም አንድ ዘፈን መስማታቸውን የሚያረጋግጠው ያ የጋራ ዝምታ ነው።

በጥቅሉ ሲታይ የምት ጨዋታ ነዳፊዎች ያለፉት ሥራዎች ካወረሷቸው ሀብት ግማሹን ብቻ ተጠቅመዋል ማለት ይቻላል። ምቱን አበልጽገውታል፤ ፍጥነቱን፣ ውስብስብነቱን፣ ትክክለኛነቱን የቀደሙት ካሰቡት በላይ አድርሰውታል። ዕረፍቱን ግን እንደ ቀሪ ሒሳብ ይዘውታል። «ፓራፓ» ዕረፍትን ለጆሮ፣ «ኦዌንዳን» ለዓይን ሰጥተውት ነበር። የዛሬው ነዳፊ ሁለተኛ ስክሪን ባይኖረውም ዘፈን አለው፤ ዘፈኑም የት እንደሚተነፍስ ለሚያደምጠው ሁሉ ይናገራል። ደረጃን የሚመረምሩ ባልደረቦቹም ክቡ የተቀመጠበትን ስፍራ በሚመዝኑበት ጥንቃቄ ክብ ያልተቀመጠበትንም ስፍራ ሊመዝኑ፣ መለኪያውም ለሥራ የሚሰጠውን ግምት ለዕረፍት ሊሰጥ ይገባል።

ነዳፊው ዕረፍቱን ካስገባ በኋላ ሊያደርገው የሚገባ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ስክሪኑን አጥፍቶ ዘፈኑን ብቻ ያድምጥ፤ እጁም በራሱ ጊዜ የሚያርፍበትንና የሚነሣበትን ቦታ ይመዝግብ። የመዘገበው ቦታ በንድፉ ላይ ከጻፋቸው ሁለት ቁጥሮች ጋር ካልገጠመ መታረም ያለባቸው ቁጥሮቹ ናቸው።